ከመጥረጋችሁ በፊት እዩት፦ ሐዋሳ ላይ ስለሚገኙ የተጣሉ ቆዳዎችና ቀፎዎች

መነሻ ጽሑፍ

የምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ቤታችን ውስጥ፣ አጥራችን ሥር፣ ሐይቁ ዳር እንስሳት ጥለውት የሚሄዱትን ቆዳና ባዶ ቀፎ ምን ታደርጉታላችሁ? አብዛኛው ሰው የእባብ ከሆነ ያቃጥላል። የሸረሪት ከሆነ ይጠርጋል። ሌላውን ልብ አይለውም። ይህ ያሳዝነኛል። ማን እዚህ እንዳለፈ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ፣ እየተራባ ይሁን አይሁን የሚናገረው እኮ ያ የጣልነው ነገር ነው። መጥረጊያው ይቆይ፤ መጀመሪያ እንየው ነው ያልኩት።

መልሱ ጎረፈ። አንዳንዱ ጨዋ፣ አንዳንዱ ቁጡ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከናካቴው ሌላ ወሬ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥራቸው እየተረክሁ አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ ጣል አደርጋለሁ።

1. መጀመሪያ የጻፈችው አቶቴ አካባቢ የምትኖር የልጆች እናት ናት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ክምር ውስጥ ከክንዷ የሚረዝም የእባብ ቆዳ አግኝታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ባለቤቷ ቆዳውን ጥሎ ከሄደማ አገር ለቋል እያለ ያጽናናታል። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የፈለገችው። እባቡ አሁንም ግቢው ውስጥ አለ ወይስ የለም?

2. የመለሱላት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። አይዞሽ ልጄ ብለው ጀመሩና ቆዳውን በእንጨት አንስታ እንድታየው ነገሯት። ለስለስ ብሎ እርጥበት ካለው ቅርብ ጊዜ የተጣለ ነው። ሲነኩት ከተንኮሻኮሸና ከተሰባበረ ቆይቷል። ቆዳው እባቡ እዚያ እንደነበረ ይመሰክራል እንጂ አሁን እንዳለ አያረጋግጥም፤ አገር መልቀቁንም አያረጋግጥም።

ድንጋዩ ውስጥ መገኘቱ አልገረማቸውም። እባብ ቆዳ ሊለውጥ ሲል ሻካራ ነገር ይፈልጋል። አፉን ድንጋይ ላይ እያሸ ቆዳውን ከከንፈሩ ያስለቅቃል። ከዚያ ወደፊት እየተሳበ ሲወጣ፣ ቆዳው ካልሲ ሲወልቅ እንደሚሆነው ተገልብጦ ይቀራል። በዚያ ላይ ሲወልቅ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ቆዳው ሁልጊዜ ከባለቤቱ ይረዝማል። በርዝመቱ አትደንግጪ ያሏት ለዚህ ነው። ቆዳ ከመለወጡ በፊት ባሉት ቀናት የእባብ ዓይን ይደፈርሳል፣ አጥርቶ አያይም፣ ተደብቆ ይከርማል፣ ከነኩትም ቶሎ ይቆጣል።

እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አለ። እንዲህ ያለ ቆዳ ካገኛችሁ የራሱን ጫፍ ወደ ብርሃን አንሱት። ጥርት ያሉ ሁለት ክብ ነገሮች ታያላችሁ። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍንለት ያ ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፤ ከቀረው ቆዳ ጋር አብሮ ይወልቃል። የሆዱ ቅርፊቶች ሰፋፊ ናቸው፣ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። የጀርባው ደቃቅና ብዙ ነው። ቀለሙ አብዛኛው ከእባቡ ጋር ስለሚሄድ ቆዳው ገረጣ ያለ ነው፤ ዝንጉርጉሩ ግን በስሱ ይታያል። መርዝ የሚባል ነገር የለበትም። ይህን አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ያየ ሰው ክብሪት ለመጫር የሚቸኩል አይመስለኝም።

3 እና 4. ሁለቱ ግን ቸኩለዋል። አንደኛው ቆዳውን አቃጥዪው፣ ጭሱ ሌላውን ያባርራል፣ በግቢው ዙሪያ ደግሞ ነጭ ጋዝ አርከፍክፊ ብሎ መከራት። ቀጥሎ የመጣችው ተስማማች፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ጨመረችበት። እናቷም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያደገችው።

5. ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቁጣዋን አልሸሸገችም። ልጆች ባሉበት ግቢ፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ማድ ቤት አጠገብ ጋዝ ማርከፍከፍ ከእባቡ የባሰ አደጋ ነው አለች። ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ታቅፎ መምጣት ምን እንደሚመስል በዓይኗ አይታለች። እባብ የሚመጣው አይጥ ተከትሎ ነው። አይጥ የሚመጣው እህል ተከትሎ ነው። እህሉን ክደኑ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ የድንጋይና የማገዶ ክምሩን ከቤት አርቁ። የእሷ መድኃኒት ይህ ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በአጽንኦት ጻፈች። ሰው ከተነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ ጥፍንግ አድርጋችሁ አትሰሩ። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅሱ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተራ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው የባህል ጉዳይ ብቻ አድርጎት ቆይቷል።

6. አንድ ወጣት ነገሩን ለማቅለል ሞከረ። ቅርፊቱ ለስላሳ ከሆነ ምንም የማያደርገው ቡናማ የቤት እባብ ነው፤ መሃሉ ላይ ጎላ ያለ መስመር ካለው አጭርና ወፍራሙ መርዘኛ ነው። ስለዚህ ጣትሽን አሳልፈሽበት እወቂ አላት።

7. እዚህ ላይ ውይይቱ ጋለ። ወንድሙ በእባብ ተነድፎ የተረፈለት ሰው ነው የመለሰው። ግማሽ እውቀት ሰው ይገድላል፤ የኮብራ ቅርፊትም ለስላሳ ነው፤ ያንን ሳታውቅ እንዴት ለእናት ምክር ትሰጣለህ አለው። ቃላቱ ከዚህም የከረሩ ነበሩ፣ ልደግማቸው አልፈልግም። ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው።

8. ጋሼ ተመልሰው ሁለቱን አበረዱ። ወጣቱ ስለ ሻካራው ያለው እውነት ነው፤ የዚያ አጭር እባብ ቅርፊት በእርግጥም መስመር አለው። ስህተቱ ለስላሳ ሁሉ ሰላም ነው ማለቱ ላይ ነው። ሙያው ያላቸው ሰዎች በወገቡ ዙሪያ ያሉትን የቅርፊት ረድፎች ይቆጥራሉ፣ የራሱን ቅርፊቶች አቀማመጥ ያያሉ፣ ከጅራቱ ሥር ያሉት በአንድ ረድፍ ይሁኑ በሁለት ይመለከታሉ። ስለዚህ ቆዳው ሳይቀደድ መቀመጡ ዋጋ አለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ልጡን ቀርበን ብናውቀው ከእባቡም እንድን ነበር አሉ። ወጣቱ አመሰገነና ጽሑፉን አስተካከለ።

9. የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ያደገ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ወሬውን ወደ ሐይቁ መለሰው። ማለዳ ጀልባ ሲገፉ ቄጠማው ላይ የተጣበቁ ቡናማ ቀፎዎችን ከልጅነቱ ጀምሮ ያያል። ሙት ነፍሳት ይመስሉት ነበር። ምንድን ናቸው?

የውሃ ተርብ ቀፎዎች ናቸው። ይህን እኔው ነኝ የመለስኩት፤ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወርጄ ቀርቤ ስላየኋቸው። ቀፎው የጣት አንጓ ያህላል። የሐይቁ ጭቃ ጀርባው ላይ ደርቆበታል። የስድስቱም እግሮች ጥፍር ቄጠማውን እንደጨበጠ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው እንኳ አይለቅም። ጀርባው ላይ፣ ከራሱ ዝቅ ብሎ፣ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ነጫጭ ክሮች ወጥተው ተንጠልጥለዋል። ክሮቹ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ውስጣዊ ሽፋን ናቸው። የውሃ ተርብ እጭ ሆኖ ውሃ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይኖራል። የታች ከንፈሩን ወደፊት እየወረወረ የትንኝ እጭ ይይዛል። ቀኑ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይወጣና ቄጠማ ጨብጦ ጀርባው ይሰነጠቃል። ገርጥቶና ለስልሶ ይወጣል፤ ክንፉ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይበራል።

10. አንዷ ይናደፋል ወይ ብላ ጠየቀች። አይናደፍም፤ መንደፊያ የለውም።

11. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ጥሩ ነገር ጨመረ። የሚበር የውሃ ተርብ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ባዶ ቀፎው ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ማደጉን ያረጋግጣል። ስለዚህ የውሃን ጤንነት የሚያጠኑ ሰዎች እንስሳውን ሳይነኩ ቀፎውን ብቻ እየለቀሙ የትኛው ዝርያ የት እንደሚራባ ያውቃሉ። እኔም ከምንም በላይ የምወደው ይህንኑ ነው። ሳትገድል፣ ሳትይዝ፣ ሳታስደነግጥ ታውቃለህ።

12. ከዚህ በኋላ ወሬው ተንሸራተተ። አንዱ አሞራ ገደል ከተነሳማ ብሎ ስለ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ዋጋ ምሬቱን አወረደው፤ ሌሎችም ተከተሉት። መሃል ላይ አንዲት ልጅ ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጥሉት ላባስ ከዚህ ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀች።

13. ይቆጠራል ተብላለች። ወፍም ላባ ይለውጣል። አብዛኞቹ መብረር እንዳያቅታቸው ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው የሚለውጡት። ዝይና ዳክዬ ግን የክንፋቸውን የመብረሪያ ላባ በአንዴ ያራግፉና አዲሱ እስኪበቅል ለሳምንታት መብረር አይችሉም። ያኔ ውሃው ላይ ወይም ቄጠማ ውስጥ ይሸሸጋሉ።

14. አንድ አባት ልጆቻቸው ሐይቁ ዳር የለቀሙትን የቀንድ አውጣ ዛጎል በማሰሮ አጠራቅመዋል። ቀንድ አውጣ ሲያድግ የሚጥለው መስሏቸው ነው።

15. ነርሷ መለሰችላቸው፤ በዚህኛው በጨዋ አንደበት። ቀንድ አውጣ ዛጎሉን አይጥልም። ዛጎሉ በአፉ በኩል እየተጨመረበት አብሮት ያድጋል። ባዶ ዛጎል ያገኘ ሰው ያገኘው የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ደረቁ ዛጎል ጉዳት የለውም። አንዳንዱ በሕይወት ያለ የንፁህ ውሃ ቀንድ አውጣ ግን የቢልሃርዝያን ትል ተሸክሞ ወደ ውሃው ይለቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻም በሽታው በጥናት የታየ ነው። እባክዎ አባቴ፣ ልጆቹ ዛጎል ሲለቅሙ ውሃው ውስጥ ገብተው እንዳይቆሙ ብላ ለመነቻቸው።

16. ሁለት መልእክት በአንድ ላይ ልጥቀስ። አንዱ ኤሊም ድንጋዩን አይጥልም፤ ድንጋዩ ከጀርባ አጥንቱና ከጎድን አጥንቱ ጋር የተዋሃደ ነው ብሎ ጨመረ። የመጀመሪያዋ እናትም ተመልሳ ጻፈች። ክምሩን በሠራተኛ አስነስታለች። ከሥሩ የአይጥ ጉድጓድ ተገኘ፣ በሲሚንቶ ተደፈነ። እባብ አልተገኘም። ማታ ማታ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ግን ባትሪ መያዟን አልተወችም። ደግ አደረገች።

17. በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሾፌር የባሕሩን አመጣ። አንድ ጠዋት ወደብ አካባቢ ባሕሩ ዳር የሸርጣን ሬሳ ተበትኖ አየ። መርዝ ተደፍቶ ነው ብሎ ደነገጠ። አንዱን ሲያነሳው ግን ክብደት የለውም፣ ሽታም የለውም። ከኋላ በኩል ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ጋሼ ልክ እንዳየ ነገሩት። ሸርጣን በኋላው በኩል ወደ ኋላ እየተሳበ ነው የሚወጣው። ወዲያው ውሃ ስቦ ያብጥና አዲሱ ቅርፊት ሳይጠነክር ሰፋ ይላል። እስኪጠነክር ግን ለማንም የቀለለ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ይደበቃል። ሬሳ ከሆነ ይከረፋል፣ ይከብዳል።

ከዚሁ ጋር አያይዘው አንድ ልዩነት አስረዱ፤ እዚህ ውይይት ላይ ከተጻፈው ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው። እባብ የሚጥለው የቆዳውን የላይኛ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። አጥንቱ ውስጡ ነው፣ አብሮት ያድጋል። ሸርጣን፣ ሸረሪት፣ ጊንጥና ነፍሳት ግን አጥንታቸው ውጭ ነው። ያ ደረቅ ልባስ አያድግም። እንስሳው ሊያድግ ከፈለገ አሮጌውን ጥሎ ከሥሩ በታጠፈው አዲስ ልባስ መተካት አለበት። ሸረሪት ስትወጣ የእያንዳንዱን እግሯን ሽፋን ሳይቀር ትታው ትሄዳለች። ለዚህ ነው ጥግ ላይ ያገኘነው ነገር የሞተች ሸረሪት የሚመስለን። እግር የተቆረጠባት ሸረሪት እንኳ ልባስ በለወጠች ቁጥር እግሯ እየተመለሰ ሊመጣ ይችላል። እንሽላሊት ደግሞ ቆዳውን በቁርጥራጭ ነው የሚጥለው፤ አንዳንዱ መልሶ ይበላዋል። የእንሽላሊት ሙሉ ቆዳ ብዙም የማናገኘው ለዚህ ነው።

18. አንድ ተከራይ ብሶቱን ይዞ መጣ። የገባበት ክፍል አልጋ ስንጥቅ ውስጥ ቡና ዓይነት ስስ ሽፋኖች አገኘ። አከራዩ አቧራ ነው አሉት። በሁለተኛው ሳምንት ክንዱ በሙሉ ተበላ። የትኋን ቅርፊት ነበር። ተማሪው እንዳብራራው፣ ትኋን እስኪያድግ 5 ጊዜ ልባስ ይለውጣል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ደም መጥጦ ነው። ትንሽም ትልቅም ቅርፊት አብሮ ከተገኘ ትኋኑ እዚያው ሲያድግ ነበር ማለት ነው። ቤት የምትከራዩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፍራሹን ገልብጡ፣ የአልጋውን ማጋጠሚያ በስልክ መብራት እዩ።

19. ነጭ በረሮ አየሁ ያለችም አለች፤ አዲስ ዝርያ መስሏት ነበር። በረሮ ልባሱን እንደለወጠ ነጭ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። ነርሷ ጣልቃ ገብታ የበረሮ ቅርፊት ብናኝ አስም እንደሚቀሰቅስ አስታወሰች። ልጅ የሚያስላችሁ ከፍሪጅ ጀርባ ጥረጉ፣ በደረቁ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ።

20. ይሄኔ አንዱ ተቆጣ። መድረኩ የቆሻሻ ወሬ ማዕከል ሆነ፣ ሰው ምሳ እየበላ ነው፣ ከተማው ስንት ችግር እያለበት ስለ በረሮ ልብስ ታወራላችሁ አለ።

21. የዓሣ አስጋሪው ልጅ መለሰለት። አባቱ ሐይቁን እያየ ነው ቤተሰብ ያሳደገው። ማየት የሥራ ፈት ነገር አይደለም አለው። ተቆጪው ዝም አለ። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። አስሙም፣ ትኋኑም፣ የእባቡም ፍርሃት የከተማው ችግር ነው።

22. የግብርና ባለሙያ በ2012 ዓ.ም. የነበረውን የአንበጣ ወረራ አስታወሰ። ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊዜ ልባስ ለውጦ ነው ክንፍ አውጥቶ የሚበረው። ከዚያ በኋላ መቆጣጠሩ ይከብዳል። መሬት ላይ የተጣለው ልባስ መንጋው የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይጠቁማል። አዲስ ልባስ እንዳይሠራ እያደረጉ ኩብኩባውን የሚገድሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ የሚሠሩት ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ነው።

23. መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚበላውን የሐር ትል ያየች ሴት ደግሞ ትሉ 4 ጊዜ ልባስ እንደሚለውጥ ጻፈች። ሊለውጥ ሲል መብላት ያቆማል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ጀማሪ አርቢ ታሟል ብሎ ይነካካዋል፤ ያኔ ነው የሚጎዳው። መተው ነው ያለበት።

24. የመጨረሻው ጭቅጭቅ ስለ በርሚል ነው። አንድ ሰው የውሃ በርሚሉን ከፍቶ ላዩ ላይ ስስ ሽፋኖች ሲንሳፈፉ አየ። ተማሪው የትንኝ ነው አለው። የትንኝ እጭ ውሃ ውስጥ 4 ጊዜ ልባስ ይለውጣል፤ በመጨረሻ ትንኟ የውሃው ገጽ ላይ ሽፋኗን ሰንጥቃ ወጥታ ትበራለች። ስለዚህ የሚንሳፈፈው ሽፋን ትንኝ እዚያው መፈልፈሏን ይነግራል። ሰውየው የወባ ትንኝ በርሚል ውስጥ አትራባም፣ እሷ ረግረግ ነው የምትወደው ብሎ ተከራከረ።

25. ነርሷ አልተወችውም። ያ ድሮ ነው አለችው። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። እሷ ከተማ ውስጥ፣ በርሚልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተያይዛ ተጠቅሳለች። በርሚሉን ድፋው፣ ግድግዳውን ፈትገህ እጠበው፣ በየሳምንቱ ድገመው፣ ክዳኑ ቀዳዳ ካለው ቀይረው አለችው። ሰውየው ክዳኑ የተሰነጠቀ መሆኑን ጽፎ የት እንደሚሸጥ ጠየቀ። ሦስት ሰው የተለያየ ሱቅ ጠቆመው።